በኮሮና ጊዜ እርጉዝ ሆኜ፣ ፊታቸውን ሳላይ ያመንኳቸው ሰዎች

ይሄን ጽሑፍ ስንቴ ጀምሬ እንደተውኩት አላውቅም። አንዴ የልጄ ልደት ሲደርስ እጀምራለሁ፣ አንዴ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ከዛ እንባዬ ይመጣና ስልኩን አስቀምጠዋለሁ። አሁን ግን አንዲት ጓደኛዬ አርግዛ "ክትትል መሄድ ፈራሁ፣ ሰዉ ሁሉ ያስላል፣ እቤት ብሆን አይሻልም?" አለችኝ፣ እኔም እኮ በ2020 (ወሩና ሳምንቱ እንዳይምታታብኝ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ለባለቤቴ ያልኩት ቃል በቃል ይሄንኑ ነበር፣ ስለዚህ ዛሬ ሳልጨርሰው አልነሳም ብዬ ተቀምጫለሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እርጉዝ መሆኔን ያወቅኩት ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮናን ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት ነው ብሎ ያወጀው ጃንዋሪ 30 ነበር፣ እኔ ግን በዛ ሳምንት ስለ ሁለቷ ቀይ መስመር ብቻ ነበር የማስበው፣ ዜናውን በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት። ማርች 11 ወረርሽኝ ነው ሲባል ልክ 11 ሳምንት ሆኖኛል፣ ማቅለሽለሹ ገና አልለቀቀኝም፣ ወሬውን የሰማሁት መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ስልኬን እያየሁ እጄን ሆዴ ላይ እንዳደረግኩ ትዝ ይለኛል፣ ገና ምንም የማይታይ ሆድ ላይ።

ያኔ ከምንም በላይ ያስፈራኝ አለማወቁ ነው። ቫይረሱ ወደ ሆድ ይገባል? ፅንሱን ይነካዋል? ብታመም መድኃኒት ይሰጠኛል ወይስ እርጉዝ ነሽ ተብዬ ዝም እባላለሁ? በስልክ ያገኘኋት ዶክተር "እውነቱን ልንገርሽ፣ ገና አናውቅም። የምናውቀውን አልደብቅሽም፣ አዲስ ነገር ሲመጣም እነግርሻለሁ" አለችኝ። ሰዉ ሁሉ እርግጠኛ ሆኖ በሚያወራበት ሰዓት፣ አንዱ ይሄን ጠጪ ሌላው ያንን አሽትቺ በሚልበት ሰዓት፣ አናውቅም ለማለት የደፈረችልኝ እሷ ብቻ ነበረች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ የምትለኝን ሁሉ አምኜ ተቀበልኩ። ወራት አልፈው ጥናቱ እየጠራ ሲመጣ እንዳለችው ነገረችኝ፣ እርጉዝ ሴት በኮሮና ከታመመች ካላረገዘች ሴት ይልቅ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) የመግባት እድሏ ከፍ ይላል፣ ልጁም ያለጊዜው ሊወለድ ይችላል፣ ስለዚህ ማስክሽን አትርሺ ከሰው ክምችትም ራቂ አለችኝ። ስትነግረኝ ድምጿ ውስጥ ማስፈራራት አልነበረም፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው ያናገረችኝ።

እሺ፣ አሁን ደስ ወደማይለኝ ክፍል ልምጣ። በ24ኛው ሳምንት አካባቢ ለክትትል የሄድኩበት ቦታ (የት እንደሆነ አልናገርም፣ ጥቅሙም አይታየኝም) ወረፋ ላይ ቆሜ ውሃ ትን አለኝና ሳልኩ። አንዲት ነርስ ከሩቅ ሆና ጮኸችብኝ፣ "ውጪ! ውጪ ጠብቂ!" ብላ፣ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ ሁለት ሴቶች ልብሳቸውን ሰብስበው ሸሹኝ። ውጪ ፀሐይ ላይ 1 ሰዓት ቆሜ ማንም ሳይጠራኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ለባለቤቴ "ከዚህ በኋላ ምጤ እስኪመጣ አልሄድም" አልኩት። እና አልሄድኩም። ሁለት ቀጠሮ ዘለልኩ። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያቺ ነርስ ያን ቀን ጓንት ይኑራት አይኑራት አላውቅም፣ ማስኳን ለስንተኛ ቀን እንደደገመችው አላውቅም፣ ምናልባት ጠዋት የስራ ባልደረባዋ ታሞባት ይሆናል። ይሄ ጩኸቱን ልክ አያደርገውም፣ ግን አልተቀየምኳትም። የኔ ጥፋት ደሞ አንድ ቀን የደረሰብኝን ይዤ ክትትሉን በሙሉ መተዌ ነው፣ ለጓደኛዬም ያልኳት ይሄንን ነው፣ አንድ ሰው ካስቀየመሽ ሌላ ሰው ጠይቂ፣ ሌላ ቦታ ሂጂ፣ ክትትሉን ግን እንዳትተዪ።

ምክንያቱም ስልክ ብዙ ነገር ይሰራል ሁሉንም ግን አይሰራም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ አንዲት እርጉዝ ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ነው የሚመክረው፣ በወረርሽኙ ጊዜ ከነዚህ የተወሰኑት በስልክ ተደረጉ፣ ጥሩ ነው፣ ድምጽ መስማትም ያጽናናል። ግን ደም ግፊት በስልክ አይለካም፣ ሽንት በስልክ አይመረመርም፣ የልጁን ልብ ምት በስልክ ማንም አይሰማልሽም። እኔ ደህና ነኝ ያልኩት ምንም ስላልተሰማኝ ብቻ ነው።

35ኛው ሳምንት ላይ ጠዋት ስልኬ ጠራ። አዋላጅ ነኝ አለች፣ ከሌላ ሆስፒታል ነው፣ ያቺ ዶክተር ስሜን ሰጥታት ኖሯል። ደክሟት እንደነበር ከድምጿ ያስታውቃል። ከዛ ስልክ ላይ ያወራነውን እስከዛሬ በቃሌ እወጣዋለሁ።

"እንዴት ነሽ እናቴ? ልጁ ይንቀሳቀሳል?"

"ደህና ነኝ ሲስተር፣ ይንቀሳቀሳል።"

"ራስ ምታት?"

"ትንሽ።"

ብዙ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ እሺ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። እሷ አላለፈችም። "ትንሽ ማለት ስንት ቀን?" አለችኝ። ሶስት ቀን አልኳት። "መድኃኒት ወስደሽ ተወሽ?" አልተወኝም። "ቀለበትሽ አሁን ጣትሽ ላይ ነው?" የጥያቄው ነገር ገረመኝ፣ አይ አልኳት፣ እያጠበቀኝ ስለመጣ ባለፈው ሳምንት በሳሙና አውልቄ አስቀምጬዋለሁ። ዝም አለች። ከዛ "አይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ?" ስትለኝ ትናንት ማታ ግድግዳው ላይ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ፣ አምፖሉ ነው ብዬ ነበር።

"ስሚኝ እናቴ፣ አሁን ተነሽና ነይ። ነገ አይደለም፣ ከሰዓትም አይደለም። እኔ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።"

"ሲስተር ኮሮናውን ፈርቼ እኮ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ፣ "እኔም እፈራዋለሁ። አሁን ግን ከሱ በላይ የሚያሰጋሽ ሌላ ነገር ሳይኖር አይቀርም፣ ነይ ብቻ።"

እንዳለችው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ፊቷን አላየሁትም፣ ማስክ፣ ከላዩ ፌስ ሺልድ፣ ፀጉሯ ተሸፍኗል፣ ጋውኑ ከሷ በሁለት ቁጥር ይሰፋል። ደረቷ ላይ ፕላስተር ለጥፋ በወፍራም እስክሪብቶ ስሟን ጽፋበታለች፣ ከስሟ ጎን ደሞ ትንሽ ፈገግ ያለ ፊት ስላበታለች። በኋላ ስጠይቃት "ስስቅ ስለማይታይ ነው" አለችኝ። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፣ እሷ ግን ካነበበችው ራሷን ታውቃለች።

ግፊቴን ለካችው፣ ምንም አላለችም፣ 15 ደቂቃ ጠብቃ እንደገና ለካችው። 152 በ98። ሽንቴ ላይ ፕሮቲን ወጣ። ዶክተሮቹ ፕሪ-ኤክላምፕሲያ ይሉታል፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የእርግዝና ደም ግፊት ነው፣ ግፊቱ 140 በ90 ከደረሰ ወይ ካለፈ እና ሽንት ላይ ፕሮቲን ካለ፣ ወይም ጉበትና ኩላሊት ወይ ሌላ የሰውነት ክፍል መነካት ከጀመረ ማለት ነው። መነሻው ከእንግዴ ልጁ ጋር የተያያዘ ነው፣ ለዚህ ነው ዋናው መፍትሄ መውለድ የሆነው። ዝም ከተባለ እናትየዋን ያንቀጠቅጣታል፣ ራስ ያስታል፣ እናትንም ልጅንም ይወስዳል። ክፋቱ ደሞ ብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ መቆየቱ ነው፣ ለዛ ነው በየቀጠሮው የሚለኩን፣ እኔ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የምጽፈው ነገር ነው ይሄን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ። አልጋ ከመያዜ በፊት የኮሮና ምርመራ ተወሰደልኝ፣ ከአፍንጫ ናሙና፣ ውጤቱ እስኪመጣ ለብቻ ክፍል ገባሁ። ውጤቱ የመጣው በማግስቱ ነው። እነሱ ግን የነኩኝ ውጤቱ ሳይመጣ ነው። ደም ቀዱልኝ፣ ካኑላ (መድኃኒት የሚገባበት ቀጭን ቱቦ) ሰኩልኝ፣ የልጄን ልብ ምት ለመስማት ፊታቸው ፊቴ ጋ እስኪደርስ አጎነበሱ፣ ሌሊት ትውከት ሲመጣብኝ አንዷ ግንባሬን በጓንት እጇ ደግፋ ያዘችልኝ። ቫይረሱ አለባት የለባትም ሳይታወቅ። ክትባት በሌለበት ጊዜ። ለሕዝብ መሰጠት የጀመረው እኮ ዲሴምበር 2020 ነው፣ ይሄ ሁሉ ኦገስት ላይ የሆነ ነው። ሰው ደፋር ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የማይፈራ ሰው ይመስለን ነበር፣ እኔ ያየኋቸው ግን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ፣ ጋውን ሲያወልቁ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በቅደም ተከተል፣ ቀስ ብለው፣ በየመሃሉ እጃቸውን እያጸዱ፣ ምክንያቱም አንዱ አደገኛ ሰዓት ማውለቂያው ነው ይባላል።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ አዋላጇ ተረኛ ነበረች። እጇን ስትታጠብ አያታለሁ፣ መጀመሪያ መዳፍ፣ ከዛ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶቿ መሃል፣ አውራ ጣት፣ ጥፍሮቿን መዳፏ ላይ እየፈተገች፣ ቸኩላ አታውቅም። በውሃና ሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው ልኩ። እንደማያት ስታውቅ "ይሄ እኮ ከኛው ቤት የወጣ ነው" አለችኝ። ከዛ ስለ ዶክተር ሴመልቫይስ ነገረችኝ፣ በ1847 ቪየና ውስጥ አንድ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍል ነበረው፣ አንዱን ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ይሰሩበታል፣ አንዱን አዋላጆች፣ በሐኪሞቹ ክፍል በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች በጣም ይበዙ ነበር። ለካ ሐኪሞቹ አስከሬን መርምረው በዛው እጃቸው ነበር የሚያዋልዱት። እጃቸውን በክሎሪን እንዲታጠቡ ሲያደርግ ሞቱ በጣም ቀነሰ፣ ብዙዎቹ ግን አላመኑትም ነበር። "ያኔ እናቶች የሞቱበትን ነገር ነው አሁን ዓለም ሁሉ የሚማረው" አለችኝ እና እጇን አደረቀች። ይሄን እስክሰማ ድረስ እጅ መታጠብ የኮሮና ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ አሁን ግን ሁሌ ስታጠብ እነዛ ሴቶች ትዝ ይሉኛል።

"አንቺስ ልጅ አለሽ?" አልኳት። የ2 ዓመት ልጅ አላት። ከስራ ስትመለስ ልብሷን በር ላይ አውልቃ ሳትታጠብ አትነካውም፣ ልጁም ለምዶት ገና በር ሲከፈት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ "ታጥበሻል?" ይላታል። ይሄን ስትነግረኝ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም ዝም አልኩ። ሁለታችንም ለልጆቻችን ስንል ነው የምንፈራው፣ ልዩነታችን እሷ እየፈራች ወደ ስራ ትመጣለች እኔ ደሞ እየፈራሁ ተደብቄ ነበር።

በሶስተኛው ቀን ግፊቱ በክኒን ረጋ፣ የደም ምርመራውም ደህና ሲሆን መለኪያ ይዤ ቤት ገባሁ፣ ጠዋትና ማታ እየለካሁ በስልክ ልነግራቸው። እዚህ ጋ ለሚጠቅመው ሰው አለካኩን ልጻፍ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ በስህተት ነበር የምለካው። ሽንት ቤት ሄዳችሁ ተመለሱ፣ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጀርባችሁ ተደግፎ፣ እግራችሁ መሬት ነክቶ፣ እግር ሳታነባብሩ፣ ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል፣ እና እየለካችሁ አታውሩ። ቁጥሩን ደብተር ላይ ከነሰዓቱ ጻፉት፣ በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ ማለት አይሰራም። እነሱ 160 በ110 ከደረሰ ስልክም አትጠብቂ ቀጥታ ነይ ብለውኝ ነበር። ከግፊቱ ውጪም ደሞ በኃይል የሚያም ወይ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የአይን ብዥታ፣ ከጎድን አጥንት ስር የሚወጋ ህመም፣ ደም መፍሰስ፣ ውሃ መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከወትሮው መቀነስ ካያችሁ በዛው ሰዓት ሂዱ። ምን ይሉኛል አትበሉ። ያለምክንያት መጣሽ ብሎ ቢቆጣችሁም እንኳ ተቆጥቶ ይመልሳችሁ፣ ተመልሶ መምጣት ምንም አይደለም።

ደሞ በሰዓቱ ሁሉን ንገሯቸው። ከታመመ ሰው ጋር ነበርኩ፣ ትናንት አተኩሶኝ ነበር፣ መቅመስ ማሽተት አቅቶኝ ነበር፣ ያለውን። አጠገቤ የነበረች አንዲት እናት ለይተው እንዳያስቀምጧት ፈርታ ትኩሳቷን ደብቃ እንደነበር ሰማሁ፣ አልፈርድባትም፣ እኔም በሷ ቦታ ብሆን ልደብቅ ይዳዳኝ ነበር፣ ግን ባለሙያው ራሱን የሚጠብቀው የናንተን እውነት ይዞ ነው። ለነሱ ልታደርጉላቸው የምትችሉት አንዱ ትልቅ ምስጋና ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። በብዙ አገር ሰዉ በየመስኮቱ ወጥቶ ሲያጨበጭብላቸው እኔም አይቼ አልቅሻለሁ፣ ደስ ይላል፣ ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጋውን ለብሰው ሲያልባቸው ጭብጨባው አይሰማም።

37 ሳምንት ሲሞላኝ፣ ሴፕቴምበር 9፣ ምጤን በመድኃኒት ሊያስጀምሩልኝ ገባሁ። ባለቤቴ ከበሩ አላለፈም፣ አይፈቀድም ተባለ። በዚህ ነገር አሁንም ሃሳቤ አልተቀየረም፣ የዓለም ጤና ድርጅት በኮሮናም ጊዜ ቢሆን ምጥ ላይ ያለች ሴት የምትፈልገው ሰው አጠገቧ ሊሆን ይገባል ነው ያለው፣ ብቻዬን እንዳምጥ መደረጉ ልክ አልነበረም። ግን ህጉን ያወጡት እዛ ክፍል ውስጥ የነበሩት ሴቶች አይደሉም፣ እነሱ የሚችሉትን አደረጉ። አዋላጇ ስልኬን በንጹህ ላስቲክ ከረጢት ከተተችው፣ አፉን አሰረችው፣ አልኮል አስነካችው እና አልጋው ራስጌ ላይ ካለው ብረት ጋር በፋሻ አሰረችልኝ፣ ባለቤቴ ከዛ ውስጥ ትንሽ ደብዝዞ ይታየኛል፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ቻርጅ እንዳይጨርስ ሞተር አስነስቶ። 14 ሰዓት እንደዛ ቆየን። ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እሷ የሱን ቃል እየደገመች ትነግረኝ ነበር፣ "በርቺ ይልሻል"፣ "አለሁ ይልሻል።"

ማታ ላይ ግፊቱ 164 በ112 ገባ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሲፈጥን አየሁ፣ ድምጽ ግን ማንም አልጨመረም። ማግኒዚየም ሰልፌት አስገቡልኝ፣ እንዳያንቀጠቅጠኝ ነው፣ ሲገባ መላ ሰውነት በእሳት የተለበለበ ያህል ይሞቃል፣ ይሄን ቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም፣ ለሚገጥማችሁ ልንገራችሁ ሙቀቱ ቀለል ይላል። በየሰዓቱ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጉኛል፣ ትንፋሼን ይቆጥራሉ፣ ሽንቴን ይለካሉ፣ መድኃኒቱ እንዳይበዛብኝ መሆኑ ነው። አንዷ ነርስ ፌስ ሺልዷ በእንፋሎት ተሸፍኖ ስላላየላት አንገቷን አዘንብላ በጠራችው ጥግ በኩል ነበር ጠብታውን የምትቆጥረው። ውሃ ጠጥታለች ወይ ብዬ አዋላጇን ስጠይቃት "ከጠጣን ማውለቅ አለብን፣ ካወለቅን የምንቀይረው የለም" አለችኝ። እኔ እዛች ላይ ነው ማማረር ያቆምኩት።

ልጄ የተወለደችው ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ነው። 2.7 ኪሎ። ወዲያው ደረቴ ላይ አደረጓት፣ እትብቷን ቶሎ አልቆረጡም፣ ትንሽ ጠብቀው ነው፣ ደሙ እንዲያልፍላት። ማስክ አድርጌ ስለነበር መጀመሪያ ያየችው የእናቷን አይን ብቻ ነው፣ ይሄ ሲያሳዝነኝ ነበር አሁን አያሳዝነኝም። አዋላጇ ስልኩን ከብረቱ ፈትታ ለባለቤቴ አሳየችው፣ እሱ ሲያለቅስ ላስቲኩ ውስጥ ሆኖ የሚሰማው እንደ ሩቅ ነፋስ ነው፣ እና እሷም የምታለቅስ መሰለኝ ምክንያቱም ሺልዱ ውስጥ እጇን አስገብታ መጥረግ ስለማትችል ዝም ብላ ቆማ አይኗን ታርገበግብ ነበር።

ከወለዱ በኋላ አለቀ አይባልም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት እንደገና ሊወጣ ይችላል፣ እስከ 6 ሳምንት ድረስ መጠንቀቅ አለ፣ ስለዚህ መለኪያውን ቶሎ አትመልሱ። የኔ 4ኛው ቀን ላይ ወጣ፣ በስልክ ክኒኑን አስተካከሉልኝ። ሌላው ደሞ ሀዘኑ ነው። ማንም ሊጠይቀኝ አይመጣም፣ እማዬ በስልክ ብቻ ነው ያየቻት፣ ሌሊት ሌሊት አለቅስ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙ እናት ሆዷ ይባባል፣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን ለባለሙያ መናገር ያስፈልጋል፣ እኔ የተናገርኩት ከወለድኩ አንድ ወር ሲሞላኝ ነው፣ ቀደም ብዬ ብናገር ይሻለኝ ነበር። ጡት የማጥባቱንም ነገር አንዲት ነርስ ናት ያስያዘችኝ፣ የኔን እጅ በሷ እጅ ይዛ። በሚቀጥለው ክፍል ኮሮና የተገኘባት እናት ነበረች፣ እሷም ማስክ አድርጋ እጇን ታጥባ ልጇን ታጠባ ነበር፣ አልለዩአቸውም፣ ቫይረሱ አለብሽ ተብሎ ልጅ መንጠቅ እንደማያስፈልግ የዓለም ጤና ድርጅትም ብሏል።

ስለ ክትባቱ ብዙ ሴቶች በውስጥ ስለሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ልበል። እኔ እርጉዝ እያለሁ አልነበረም፣ ቢኖር እወስደው ነበር። በኋላ ለእርጉዝ ሴቶችም ተመክሯል፣ ብዙ ሴቶች ወስደውት ፅንስ ያስወርዳል የተባለው እውነት እንዳልሆነ ታይቷል፣ እናትየዋ የሰራችው መከላከያም በእንግዴ ልጁ በኩል ለልጁ ይደርሳል። ሁለተኛ ያረገዘችም የመጀመሪያው ላይ ግፊት ከነበራት ገና ከጅምሩ ትናገር፣ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ዝቅ ያለ መጠን ያለው አስፕሪን ሊታዘዝላት ይችላል፣ በራሷ ግን አትጀምረው፣ ሐኪም ይወስን።

2020 እኮ የዓለም ጤና ድርጅት የነርሶችና የአዋላጆች ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፣ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከተወለደች 200 ዓመት ስለሞላ፣ ስያሜው ወረርሽኙ ሳይታወቅ የተወሰነ ነው። ይሄን ያወቅኩት ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ልጽፍ ስል ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፣ "ሁላችሁንም አመሰግናለሁ" ብዬ አላበቃሁም፣ ማን በየትኛው ሌሊት ምን እንዳደረገችልኝ ጻፍኩ፣ ግንባሬን የያዘችውን፣ ጠብታ የቆጠረችውን፣ ናሙናዬን የወሰደውን የላቦራቶሪ ልጅ፣ ክፍሌን በቀን ሶስቴ በክሎሪን ስትወለውል አንድም ቀን ሰላም ሳትለኝ ያልወጣችውን የጽዳት ሰራተኛ። ለኃላፊያቸው ነው የላክሁት። አንዷ በኋላ ነገረችኝ፣ ከፋይሏ ጋር አያይዘውታል፣ እሷ ደሞ ኮፒውን ሎከሯ ውስጥ ለጥፋዋለች። ማመስገን የምትፈልጉ እንደዚህ አድርጉ፣ ስም፣ ቀን፣ የሰሩት ስራ።

አዋላጇን ዳግመኛ ያገኘኋት ልጄ 2 ዓመት ሊሞላት ሲል ነው። ለሌላ ጉዳይ እዛው ሆስፒታል ሄጄ ኮሪደር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ማስኩ ለሁሉም ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፣ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት አጠገቤ አለፈች፣ አየኋት፣ አላወቅኳትም። ትንሽ ራመድ ብላ ለአንዲት እርጉዝ "ትንሽ ማለት ስንት ቀን?" ስትላት ሰማሁ።

ተነሳሁ። ስሟን ጠራሁት። ዞር አለች እና ፊቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፣ በጉንጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት፣ የፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት አለ፣ እኔ በአእምሮዬ የሳልኩት ፊት ሌላ ነበር። እሷም ወዲያው አላወቀችኝም፣ ስልኩ፣ ላስቲኩ፣ አልኳት፣ ያኔ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልጄ እግሬን ይዛ ተደብቃለች። አዋላጇ ዝቅ አለችላት፣ እጇን ልትዘረጋ ስትል ግን መሃል ላይ አቆመችውና ግድግዳው ላይ ካለው ሳኒታይዘር ወስዳ ሁለቱን እጆቿን፣ በጣቶቿ መሃል፣ አውራ ጣቷን፣ ሳትቸኩል አሸች።

"ታጥቤያለሁ" አለቻት።

ልጄ እጇን ሰጠቻት።